የአዳማ ንፋስ እና የገላን ቮልቴጅ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ገላን በሚገኝ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ትራንስፎርመራችን 630 ኬቪኤ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቮልቴጁ ከ400 ወደ 355 አካባቢ ይወርድና ማሽኖቹ እየቆሙ ያስቸግሩናል። ባልደረቦቼ ‹ንፋስ ሪአክቲቭ ፓወር ይበላል፣ መረቡን ያበላሸው የአዳማው ነው› ይላሉ። ሌላ ባለሙያ ደግሞ የንፋስ ተርባይን ሪአክቲቭ ፓወር ማምረት እንደሚችል ነገረኝ። ከቻለ ታዲያ እኛ ለምን ካፓሲተር ግዙ እንባላለን? ቢያብራሩልኝ።»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ ሦስት ነገር ተደባልቋል። ተርባይን ሪአክቲቭ ፓወር ማምረት ይችላል፤ ያ ባለሙያ እውነቱን ነው። አንተም ካፓሲተር፣ ማለትም ሪአክቲቭ ፓወርን እዚያው ግቢህ ውስጥ የሚያዘጋጅ ዕቃ፣ ያስፈልግሃል። የባልደረቦችህ አባባል ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ለአሁኖቹ ተርባይኖች አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ከገባህ ቀሪውን ራስህ ትደርስበታለህ።

ከሞተርህ እንጀምር። ሞተር ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ሥራ የሚሠራው፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሆኖ የሚያልቀው አክቲቭ ፓወር ነው። ሌላው ማግኔቱን የሚያስነሳለት ሪአክቲቭ ፓወር ነው፤ ይህኛው በሰከንድ 100 ጊዜ እየገባና እየወጣ ይመላለሳል እንጂ አያልቅም። እንጀራ ለመጋገር ሊጥም ምጣድም እንደሚያስፈልግ ቁጠረው። ሊጡ ያልቃል፣ ምጣዱ አይበላም፤ ያለ ምጣድ ግን እንጀራ የለም። ምጣድ ከሌለህ ከጎረቤት ተውሰህ፣ ጋግረህ ትመልሳለህ። ጎረቤትህ አጥር የምትጋራው ሰው ከሆነ ምንም ወጪ የለውም። ምጣዱ የሚመጣው ከአዳማ ከሆነ ግን ለማመላለሻው የምትከፍለው ከእንጀራው ይበልጣል፤ መኪናውም ምጣድ ጭኖ ሲመላለስ ለጤፍ የሚሆን ቦታ አይተርፈውም። ሪአክቲቭ ፓወርም እንደዚሁ ነው፤ ባያልቅም መስመሩን ይይዛል፣ ሽቦውን ያሞቃል፣ ቮልቴጁን ይጥላል።

አሁን በቁጥር እንየው። ፋብሪካህ 400 ኪሎ ዋት ይጠቀማል፣ ፓወር ፋክተሩም (አክቲቩ ለጠቅላላ ጭነቱ ሲካፈል) 0.72 ነው እንበል፤ ካፓሲተር የሌለው የኤክስትሩደር (ፕላስቲክ አቅልጦ ቧንቧ የሚያወጣ ማሽን) ቤት ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ሪአክቲቩ 386 ኪሎ ቫር (የሪአክቲቭ መለኪያ ነው)፣ ጠቅላላ ጭነቱ 556 ኬቪኤ፣ በ400 ቮልት በኩል ያለው ከረንት ደግሞ 800 አምፔር ገደማ ይሆናል። ፓወር ፋክተሩን 0.95 ብታደርሰው ሪአክቲቩ ወደ 131 ኪሎ ቫር ይወርዳል፣ ጭነቱ 421 ኬቪኤ፣ ከረንቱም 608 አምፔር ይሆናል። የሚመረተው ቧንቧ አንድ ሜትር እንኳ አልቀነሰም። 255 ኪሎ ቫሩን ከሩቅ ከማስመጣት እዚያው ግቢ ውስጥ አዘጋጀኸው እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ቀጥለን ወደ 15 ኪሎ ቮልቱ ፊደር፣ ከሰብስቴሽኑ (ከማከፋፈያ ጣቢያው) ወደ ሰፈሩ ወደሚመጣው መስመር፣ እንውጣ። ከሰብስቴሽኑ እስከ እናንተ ሰፈር 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሽቦው ሬዚስታንስ (ተራ ተቃውሞው) በድምሩ 3 ኦም፣ ሪአክታንሱ (የሽቦው ማግኔት የሚፈጥረው ተቃውሞ) 3.5 ኦም ነው ብለን እንያዝ። በመስመር ላይ የሚወርደውን ቮልቴጅ ለመገመት አክቲቩን በሬዚስታንሱ፣ ሪአክቲቩን በሪአክታንሱ ታባዛለህ፤ ሁለቱን ደምረህ ለመስመሩ ቮልቴጅ ታካፍላለህ። እንደ እናንተ ያሉ አሥር ፋብሪካዎች የመስመሩ ጫፍ ላይ ቢኖሩ 4 ሜጋ ዋትና 3.86 ሜጋ ቫር ነው። ስሌቱ 1.7 ኪሎ ቮልት ይወጣል። ከሰብስቴሽኑ 15 ሆኖ የተነሳው እናንተ ዘንድ ሲደርስ 13.3 ነው፤ በ400 በኩል ሲመነዘር 355 ቮልት። ይህ የናሙና ስሌት ነው፣ የእናንተ ፊደር ርዝመትና ጭነት የራሱ ነው። ሆኖም የጻፍክልኝ ቁጥር ላይ ለመድረስ ከአንድ መደበኛ ፊደርና ካፓሲተር ከሌላቸው አሥር ጎረቤታሞች ሌላ ምንም አላስፈለገኝም። ንፋስ በስሌቱ ውስጥ የለም።

አሥሩም ፓወር ፋክተራቸውን 0.95 ቢያደርሱ የሚወርደው 1.1 ኪሎ ቮልት ብቻ ይሆናል፤ 355 የነበረው 370 ይሆናል ማለት ነው። አንተ ብቻህን ብታደርገውስ? በፊደሩ ላይ የምታተርፈው ከሁለት ቮልት አይበልጥም፤ በራስህ ትራንስፎርመር ላይ ደግሞ፣ ኢምፒዳንሱ (የሁለቱ ተቃውሞዎች የጋራ መጠን) እንደተለመደው 4 በመቶ ከሆነ፣ ስድስት ቮልት ገደማ። በድምሩ ወደ ስምንት ቮልት ነው። ይህን የምነግርህ ካፓሲተር ገዝተህ ተአምር ጠብቀህ እንዳታዝን ነው። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው በአንድ ፊደር ላይ ያላችሁ ፋብሪካዎች ተነጋግራችሁ በጋራ ስትሠሩ ነው። የዱቄት ፋብሪካው፣ የማርብል መቁረጫው፣ የሳሙና ፋብሪካው፣ ሁሉም በአንድ ሽቦ ላይ ናቸው፤ የአንዱ ሞተር የሌላውን ቮልቴጅ ይጎትታል። የየፋብሪካው የጥገና ኃላፊዎች አንድ ቀን ሻይ ላይ ተገናኝታችሁ የፓወር ፋክተር ንባባችሁን ብትተያዩ፣ ለዓመታት ከተጻፈ ማመልከቻ የበለጠ ውጤት ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ምሽት ላይ የሚጨመረው የሰፈሩ ምጣድና ምድጃ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ንጹሕ ሬዚስታንስ ነው፤ ሪአክቲቭ አይጠይቅም፤ ቮልቴጁን የሚጥለው በአክቲቭ በኩል ነው። ያን ክፍል ካፓሲተር በሚገባ አያክመውም። የሚያክመው ወፍራም ሽቦ፣ አጭር ፊደር ወይም ተጨማሪ ሰብስቴሽን ነው፤ ይህ ደግሞ የአከፋፋዩ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ እያደገ በሄደ ቁጥር ጉድለቱን ሁሉ በካፓሲተር እንሞላለን ማለት አይቻልም።

«አዳማ ላይ ያለው ተርባይን ካመረተ ለምን አይልክልንም?» ላልከው መልሱ እዚሁ ስሌት ውስጥ አለ። አዳማ የፈለገውን ያህል ሪአክቲቭ ቢልክና ገላን ሰብስቴሽን ድረስ ቢደርስ እንኳ፣ ከሰብስቴሽኑ እስከ በርህ ያለውን 10 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በዚያው በ15 ኪሎ ቮልት ሽቦ ነው። ቮልቴጅህ የሚወድቀው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ሰብስቴሽኑ ውስጥ ያለው ታፕ ቼንጀር (የትራንስፎርመሩን ታፕ፣ ማለትም የቮልቴጅ ማስተካከያ ደረጃ፣ የሚቀያይር መሣሪያ) ከላይ የሚመጣውን መለስተኛ መዋዠቅ እያስተካከለ 15 ኪሎ ቮልቱን ለመያዝ ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ላይ ግን ምንም ተቆጣጣሪ የለም።

ትልቁ መስመር ላይም ቢሆን ማመላለሱ ውድ ነው። 100 ኪሎ ሜትር የሆነ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር 40 ኦም ገደማ ሪአክታንስ አለው። 150 ሜጋ ዋት እና 50 ሜጋ ቫር ብትልክበት መስመሩ ራሱ 19 ሜጋ ቫር ያህል ይውጣል፣ ቮልቴጁም በሪአክቲቩ ምክንያት ብቻ 9 ኪሎ ቮልት ያህል ይቀንሳል። አክቲቭ ፓወር በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው የአንግል ልዩነት ይሄዳል፤ ሪአክቲቭን ለመግፋት ግን የግድ የቮልቴጅ ልዩነት መፍጠር አለብህ። ወደ ሩቅ ለመላክ የላኪውን ቮልቴጅ ከልክ በላይ ማሳደግ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ፍሪኩዌንሲው ከአዳማ እስከ ጎንደር አንድ ሆኖ ሳለ ቮልቴጁ በየሰፈሩ የሚለያየው።

አሁን ወደ ንፋሱ። «ሪአክቲቭ ይበላል» የሚለው አባባል ከዱሮዎቹ ተርባይኖች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተተከሉት አብዛኞቹ ተራ ኢንዳክሽን ጄኔሬተር ነበራቸው፤ ያንተ ሞተር ግልባጭ ማለት ነው። ማግኔታቸውን ከመረቡ ይዋሱ ነበር፣ ግርጌያቸው ላይም ካፓሲተር ይደረግላቸው ነበር። የዛሬዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከጄኔሬተሩ አቅም 30 በመቶ ገደማ በሆነ ኮንቨርተር (ኤሌክትሪኩን እየለወጠ የሚቆጣጠር መሣሪያ) በኩል ሮተሩን ይቆጣጠራል። ሌላው የሚያመርተውን በሙሉ በኮንቨርተር ያሳልፋል። አዳማ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመሩት 34ቱ የጎልድዊንድ ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ማርሽ የላቸውም፣ ጄኔሬተራቸው ቋሚ ማግኔት ነው። ማግኔቱን ከማንም አይዋሱም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት ነው። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትቃረብ ኮረብታው ላይ የምታያቸው እነዚህ ናቸው።

ኮንቨርተር ያለው ተርባይን ሪአክቲቭን በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ማምረትም መምጠጥም ይችላል። መቻል ግን አንድ ነገር ነው፣ እንዲያደርግ ታዝዟል ወይ የሚለው ሌላ። እኔ ከልቤ የምጨነቅበት ነገር ይህ ነው። የንፋስ ማመንጫ መቆጣጠሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት አማራጭ አለ፦ ቋሚ ፓወር ፋክተር፣ ቋሚ ሪአክቲቭ እና ቮልቴጅ ጥበቃ። ቋሚ ፓወር ፋክተር ለባለንብረቱ ምቹ ነው፤ 1.0 ላይ አስሮ ዋቱን ብቻ ይሸጣል። መረቡን ግን አያግዝም። ንፋሱ ሲያይል መስመሩ ራሱ ሪአክቲቭ ይውጣል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ንፋሱ ሲተኛ ኬብሎቹና ባዶው መስመር ሪአክቲቭ ያመነጫሉ፣ ቮልቴጁ ይወጣል። ማመንጫው ዝም ብሎ ያያል። በቮልቴጅ ጥበቃ ሁኔታ ላይ ግን ቮልቴጁ ሲወርድ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይመጥጣል።

ይህ የመጽሐፍ ጭንቀት እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025፣ በእኛ ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ እኩለ ቀን እንዳለፈ ስፔንና ፖርቱጋል፣ ከደሴቶቻቸው በቀር፣ ሙሉ በሙሉ ጨለሙ። ምርመራው ያሳየው ቮልቴጁ ከልክ በላይ እየወጣ ማመንጫዎች ተራ በተራ እየተቆረጡ፣ አንዱ ሲቆረጥ ቮልቴጁ የባሰ እየወጣ መሄዱን ነው። ከታዳሽ ማመንጫዎቹ ብዙዎቹ በቋሚ ፓወር ፋክተር ላይ ስለነበሩ ቮልቴጁን አልያዙም፤ ሪአክቲቭ እንዲመጥጡ የሚጠበቅባቸው የተለመዱ ማመንጫዎችም የሚጠበቀውን ያህል አላደረጉም። ፀሐይና ንፋስ መኖራቸው ብቻውን አልነበረም ጥፋቱ። ቮልቴጅ የመያዝ ሥራ በበቂ ሁኔታ አልተሰጣቸውም ነበር።

የደቡብ አውስትራሊያውም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 አውሎ ነፋስ የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጣለ፤ ቮልቴጁ በተደጋጋሚ ሲወርድ በርካታ የንፋስ ማመንጫዎች ከተወሰነ ቁጥር በላይ የቮልቴጅ መውረድ ሲቆጥሩ ምርታቸውን ቀነሱ፣ በጥቂት ሰከንዶች 456 ሜጋ ዋት ጠፋ፣ ግዛቱም ጨለመ። ያ ቆጣሪ በኋላ ሲስተካከል ተርባይኖቹ ያንኑ ዓይነት አደጋ ማለፍ ቻሉ። አንድ የሶፍትዌር ቁጥር ነበር።

ስለዚህ ወደፊት አዲስ ማመንጫ ሲዋዋሉ የምትገኙ ወጣት መሐንዲሶች አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የሪአክቲቭ አቅሙ የሚለካው ተርባይኑ ግርጌ ላይ ነው ወይስ ከመረቡ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ላይ? 100 ሜጋ ዋት የሆነ ማመንጫ ተርባይኖቹ ላይ 0.95 ቢሰጥ 33 ሜጋ ቫር ነው። ግን የየተርባይኑ ትራንስፎርመር 6 በመቶ፣ ዋናው ትራንስፎርመር 12 በመቶ ኢምፒዳንስ ቢኖራቸው፣ በሙሉ ጭነት 18 ሜጋ ቫር ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። መረቡ የሚያገኘው 15 ነው፤ ከኬብሎቹ ጥቂት ይመለሳል። ውሉ ላይ ነጥቡ ካልተጻፈ አቅራቢው 0.95 ሰጥቻለሁ ብሎ ይፈርማል፣ እውነቱንም ነው፤ መረቡ ግን ግማሹን ነው የሚያገኘው። ሙሉ ኮንቨርተር ያለው ተርባይን ንፋስ በሌለበት ሌሊትም ሪአክቲቭ መስጠት ይችላል፤ ይህም ተጠይቆና ተከፍሎበት ካልገባ አይሠራም። ክረምት ላይ ንፋሱ ሲደክም፣ ግድቦቹ ሲሞሉ፣ ተርባይኖቹ ቆመው ሳለ ለቮልቴጅ ቢያገለግሉ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስበው።

ወደ አንተ ልመለስ፤ ካፓሲተሩን ስትገዛ መጠንቀቅ ያለብህ ነገር አለ። ሌሊት ችግሩ ይገለበጣል። ከህዳሴ ግድብ እስከ ሆለታ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሜጋ ቫር ገደማ ራሱ ያመነጫል፤ ጭነት ሲቀንስ ይህን የሚመጥጥ ሪአክተር ባይኖር ቮልቴጁ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የከተማው ዳርቻ ሁሉ ሌሊት ላይ ቮልቴጁ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው።

ቃሊቲ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። የምሽቱ ቮልቴጅ ሲያስቸግራቸው የትራንስፎርመሩን ታፕ ወደ ላይኛው ቦታ አደረጉት፤ አሁንም ስላልበቃቸው ቋሚ ካፓሲተር ያለ መቆጣጠሪያ ገጠሙ። ሰኞ ጠዋት ስንጠራ የቢሮው አምፖሎችና የጥበቃው ቴሌቪዥን ተቃጥለዋል። እሑድ ሞተር የለም፣ ካፓሲተሩ ግን አልጠፋም። ታፑ 5 በመቶ፣ ካፓሲተሩ 2 በመቶ ገደማ፣ ከላይ የመጣው የሌሊቱ ቮልቴጅ ተጨምሮበት። ጥበቃው ቴሌቪዥኑን በራሱ ገንዘብ ነበር የገዛው፤ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ የሚገባና የሚወጣ፣ ፓወር ፋክተሩን እያነበበ የሚሠራ ፓኔል ነው የምትገዛው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሃርሞኒክስ ነው፤ የ50 ኸርዙ ብዜት የሆኑ ተጨማሪ ሞገዶች ማለት ነው። ኤክስትሩደሮችህ ድራይቭ አላቸው፤ ተራ ድራይቭ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 11ኛና 13ኛ ሃርሞኒክ ያመነጫል። 630 ኬቪኤ በ4 በመቶ ኢምፒዳንስ ማለት 15.75 ሜጋ ቪኤ የሾርት ሰርኪት አቅም ነው። ይህን ለካፓሲተሩ አካፍለህ ካሬ ሩቱን ስታወጣ ሬዞናንሱ (ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ ተጋግዘው ሞገዱን የሚያጎሉበት ነጥብ) በየትኛው ሃርሞኒክ ላይ እንደሚወድቅ ታገኛለህ። 130 ኪሎ ቫር ሲገባ ልክ 11ኛው ላይ ነው፤ 250 ሲሞላ ወደ 8 ይወርዳል፣ ለ7ኛው ቅርብ ነው። ፓኔሉ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ በአደጋው ላይ እየረገጠ ያልፋል። ካፓሲተሮቹ ያብጣሉ፣ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ሰው «ዕቃው ጥራት የለውም» ይላል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ደረጃ ጋር 7 በመቶ ሪአክተር ማስገባት ነው፤ ያኔ ሬዞናንሱ 189 ኸርዝ ላይ፣ ከ5ኛው ሃርሞኒክ በታች ይቀመጣል። የካፓሲተሩ የቮልቴጅ ደረጃም ከ400 ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ሪአክተሩ ጫፉ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ስለሚያሳድገው። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ሁለት ጊዜ ከመግዛት ይሻላል።

ከማዘዝህ በፊት መመዝገቢያ ሜትር ተከራይተህ ከዋናው ብሬከር ላይ ለአንድ ሳምንት፣ እሑድን ጨምሮ፣ ቮልቴጅ፣ ኪሎ ዋት፣ ኪሎ ቫርና ሃርሞኒክስ መዝግብ። ቮልቴጁ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ 12 ሰዓት ላይ፣ የሚወርድ ከሆነ የሰፈሩ ጭነት ነው፤ ንፋስ ሰዓት አይጠብቅም። ያንተ ኤክስትሩደር ሲነሳ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ግቢህ ውስጥ ነው። ሞተሮቹ ሁሉ ቆመውም ዝቅ እንዳለ ከቀረ ንባቡን ይዘህ ወደ አከፋፋዩ ሂድ፣ ከተቻለም የፊደሩን ጎረቤቶች ንባብ ጨምረህ። የታፑ ቦታ ስንት ላይ እንዳለ ግን ዛሬውኑ እይ፤ ካፓሲተሩ ሲገባ መልሰህ ዝቅ ልታደርገው ይገባ ይሆናል፤ ያንን የምትወስነው የእሑድ ሌሊቱን ንባብ አይተህ ነው።